የአጃቢው እጅና የተዛባው ሚዛን

የጊታር ተጫዋቾችን በማዕረግ መደርደር በምዕራቡ ዓለም የሙዚቃ መጽሔቶች ዘንድ የቆየ ልማድ ነው። አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ መቶኛ እየተባለ ስም ይሰፈራል፤ አንባቢም ይከራከርበታል። ክርክሩ ግን ዘወትር ማን ከማን በለጠ በሚለው ላይ ይወድቃል እንጂ ሚዛኑ ራሱ ምን እንደሚመዝን የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

ሮሊንግ ስቶን የተባለው የአሜሪካ መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2003 የመቶ ታላላቅ ጊታሪስቶችን ዝርዝር ሲያወጣ ከመቶው መካከል ሴቶቹ ሁለት ብቻ ነበሩ፤ ሲስተር ሮዜታ ታርፕ ከሁለቱ አንዷ አልነበረችም። ይኸው መጽሔት በ2023 የ250 ጊታሪስቶችን ዝርዝር ባወጣ ጊዜ ታርፕ በስድስተኛነት ተቀመጠች። በእነዚህ ሃያ ዓመታት ውስጥ ታርፕ አንዲት አዲስ ክር አልመታችም፤ በ1973 ሞታለችና። በ1944 ያስቀረጸችው «ስትሬንጅ ቲንግስ ሃፐኒንግ ኤቭሪ ዴይ» በ2003ም ያው ነበር። በ1964 በማንቸስተር ከተማ፣ አገልግሎቱን ባቆመ አንድ የባቡር ጣቢያ፣ ነጭ ጊታሯን አንግታ ለቴሌቪዥን ያቀረበችው ትርኢትም ያው ነበር። እየዘመረች በየስንኙ መካከል ጊታሯ ራሱን የቻለ መልስ እንዲሰጥ ማድረጓን፣ ከቤተ ክርስቲያን መዝሙር የወጣውን ግለት በኤሌክትሪክ ክር ላይ ማሳረፏን ለመስማት ጆሮ ብቻ ይበቃ ነበር። የተለወጠው እንግዲህ ሰሚው ነው። ታዲያ ይህን ለመስማት ሃያ ዓመት የፈጀበት ሚዛን ስለ ሌሎቹ የሰጠው ፍርድ እንዴት ይታመናል?

የታርፕ ጉዳይ ዘግይቶም ቢሆን ታርሟል። ከዚህ ይልቅ ሥር የሰደደው አጃቢውን እጅ የመናቅ ልማድ ነው። ክራር የሚያውቅ አንባቢ ነገሩን ለመረዳት አይቸገርም፤ ክሮቹን አንድ ላይ እየመቱ ምቱን መያዝና ክር በክር እየነጠሉ ዜማ ማውጣት ሁለት ልዩ ልዩ ሙያዎች ናቸው። በሮክ ባንድ ውስጥ የመጀመሪያው ሪትም ጊታር፣ ሁለተኛው ሊድ ጊታር ይባላል። ጭብጨባው ለሁለተኛው ነው። የዚህም ጉዳት በዝና ክፍፍል ላይ ብቻ አይቆምም። ጊታር የሚማር ወጣት የጣቱን ፍጥነት እንጂ የምቱን ጽናት የሚለካለት ሲያጣ፣ ባንድ በተቋቋመ ቁጥር ሁሉም ፊት ልቁም ይላል፤ ከኋላ ሆኖ ዘፈኑን የሚሸከም ይጠፋል።

ሪትም ጊታር የጀማሪ ሥራ ነው፣ ሦስት ኮርድ የተማረ ሁሉ ይጫወተዋል የሚሉ አሉ። ለእነዚህ መልሱ ማልኮም ያንግ ነው። በ1953 በግላስጎ ተወልዶ በልጅነቱ ከቤተሰቡ ጋር ወደ አውስትራሊያ የተሻገረው ማልኮም፣ በ1973 ከታናሽ ወንድሙ ከአንገስ ጋር በሲድኒ ከተማ ኤሲ ዲሲ የተባለውን ባንድ አቋቋመ። አንገስ የተማሪ ቤት ልብስ ለብሶ በመድረኩ ላይ ሲሮጥና ሲንከባለል የሕዝቡ ዓይን እርሱን ይከተላል። ማልኮም ከድራሙ አጠገብ ይቆማል፤ አዝማቹ ሲደርስ ወደ ማይክሮፎኑ ወጣ ብሎ ይቀበላል፤ ወዲያው ወደ ቦታው ይመለሳል። በ1975 በወጣው የመጀመሪያው ሸክላቸው ላይ እርሱም ሶሎ ተጫውቷል፤ ኋላ ግን ይህን ለወንድሙ ለቀቀ። ችሎታ አንሶት አልነበረም።

የማልኮም ጨዋታ ልዩ የሆነው በጨመረው ሳይሆን በቀነሰው ነው። ግሬች ከተባለው ጊታሩ ላይ ከክሮቹ ማሰሪያ አጠገብ ካለው በቀር ሌሎቹን የድምፅ መቀበያዎች ነቀላቸው፤ ቀዳዳዎቹም በእንጨቱ ላይ ክፍት እንደሆኑ ቀሩ። ወፍራም ክር ይጠቀም ነበር። ማጉያውንም ድምፁ እስኪሻክር አልከፈተውም፤ በመሆኑም በአንድ ምት ውስጥ እያንዳንዱ ክር ለየብቻው ይሰማል። የ1980ውን «ባክ ኢን ብላክ» ያስተዋለ ሰው መግቢያው ሦስት ኮርድ ብቻ መሆኑን፣ በኮርዶቹ መካከል ግን ጸጥታ መኖሩን ይሰማል። የዘፈኑ ክብደት ያለው በዚያ ጸጥታ ውስጥ ነው፤ ክሩን በወቅቱ መምታት ብቻ ሳይሆን በወቅቱ በመዳፍ ማፈን ይጠይቃልና። ኮርዶቹን አንድ ተማሪ በአንድ ከሰዓት በኋላ ያጠናቸዋል። ከአራት ደቂቃ በላይ ሳይቸኩል፣ ሳይጎትት፣ ክብደቱን ሳይቀንስ ይያዘውና ያን ጊዜ የጀማሪ ሥራ ነው ይበል! ማልኮም በ2014 በሕመም ምክንያት ከባንዱ ሲለይ የተተካው በታዋቂ ስም አልነበረም፤ ስቲቪ ያንግ በተባለው በወንድሙ ልጅ ነበር። ለጀማሪ ሥራ የሥጋ ዘመድ ባላስፈለገ። ማልኮም በ2017 ዐረፈ።

ሁለቱን ሙያዎች በአንድ እጅ ያዋሐደም አለ። በቴምዝ ወንዝ መፍሰሻ ላይ ያለችው የካንቪ ደሴት ተወላጅ ዊልኮ ጆንሰን (መምህራን ልብ ይሏል፣ የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ተምሮ በመምህርነት የሠራ ሰው ነው) ዶክተር ፊልጉድ በተባለው ባንድ ውስጥ ብቸኛው ጊታሪስት ነበር። መምቻ አይዝም፤ ባዶ ጣቶቹን ወደ ታችና ወደ ላይ እየወረወረ ምቱንም ዜማውንም ባንድነት ያወጣል። ይህን ስልት ያገኘው ሚክ ግሪን የተባለውን ቀዳሚ ጊታሪስት ለመምሰል ሲጥር ነው፤ እንደ ግሪን መሆን ሲያቅተው ራሱን ሆነ። ከመድረክ የተቀዳው «ስቱፒዲቲ» የተባለው ሸክላቸው በ1976 በብሪታንያ የሽያጭ ሰንጠረዥ አንደኛ ወጣ። ይሁንና ከብሪታንያ ውጭ በ2022 የሞተውን ይህን ሰው በጊታሩ ከሚያውቁት ይልቅ «ጌም ኦፍ ትሮንስ» በተባለው የቴሌቪዥን ድራማ ምላሱ የተቆረጠ ገዳይ ሆኖ ስለተጫወተ በፊቱ የሚያውቁት ሳይበዙ አይቀሩም። ያለ አንዲት ቃል የታወቀ ተዋናይ፣ ያልተሰማ ጊታሪስት!

የዝርዝሮቹ ጠበቆች በመጨረሻ የሚሸሸጉት ከጂሚ ሄንድሪክስ ስም ጀርባ ነው። በ2003ም በ2023ም አንደኛ እርሱ ነው፤ የሶሎ ንጉሥ ከላይ ከተቀመጠ ሚዛኑ ትክክል ነው ማለታቸው ነው። ነገር ግን በ1967 የወጣውን «ሊትል ዊንግ» ልብ ብሎ የሰማ፣ አውራ ጣቱ የታችኛውን ድምፅ ይዞ ሌሎቹ ጣቶች በየኮርዱ ውስጥ ትንንሽ ዜማዎችን ሲያበቅሉ ያገኛል። ይህ የአጃቢ እጅ ነው። ሄንድሪክስ በ1966 ወደ ለንደን ከመሻገሩ በፊት አይዝሊ ብራዘርስንና ሊትል ሪቻርድን ከኋላ ቆሞ ሲያጅብ ኖሯል። ዘውዱን የጫኑለት ጸሐፊዎች ይህን ዘመኑን አብዛኛውን ጊዜ ገና ያልታወቀበት ወቅት ብለው በአንድ ዐረፍተ ነገር ያልፉታል።