ሳይበስል የተገለበጠ ቂጣ

በሰበታ ከተማ ክራር የሚመታ ወይም ድምፁ ያማረ ወጣት በተገኘ ጊዜ ሰው ሁሉ የሚሰጠው ምክር አንድ ነው። «አንተ ልጅ፥ እዚህ ምን ትሠራለህ? አዲስ አበባ ግባ እንጂ!» ይሉታል። ምክንያቱን ቢጠይቃቸው «ያልተገላበጠ ያራል» ብለው ይተርቱለታል። ተረቱ እውነት ነው። እኔ ግን ዛሬ የምከራከረው ይህን ተረት ያለ ቦታው ከሚጠቅሱት ሰዎች ጋር ነው። ከነዚያም ሰዎች አንዱ እኔ ራሴ ስለ ነበርሁ፥ ክርክሩን የምጀምረው ከራሴ ጥፋት ነው።

ከብዙ ዓመት በፊት አንድ የጎረቤት ልጅ ነበረ። ስሙን አልጽፍም። አባቱ ሞቶበት ከእናቱ ጋር ይኖር ነበር። ማታ ማታ ከደጃቸው ተቀምጦ ክራር ሲመታ መንገደኛው ቆሞ ይሰማዋል። በሠርግም ሲጠራ በኦሮምኛም በአማርኛም ይጫወት ስለ ነበረ በሁሉም ዘንድ የተወደደ ነበር። አንድ ቀን መጥቶ «ጋሼ፥ ልሂድ ወይስ ልቅር?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔም ከማን ሊማር፥ ከማን ጋር ሊጫወት፥ በምንስ ሊያድር እንዳሰበ አንድ ነገር ሳልጠይቀው «ሂድ ልጄ፤ ያልተገላበጠ ያራል» አልሁት። ምክር ለሰጪው ምንም አያስወጣውምና ለመስጠት አልዘገየሁም።

ልጁ ሄደ። ከሦስት ጓደኞቹ ጋር አንዲት ክፍል ተከራየ። የኪራዩን ገንዘብ ለማግኘት ሕንፃ ከሚሠራበት ቦታ ሲሚንቶ ሲሸከም ይውላል፤ ማታ ሲገባ ክንዱ ዝሎ እንቅልፍ ያዳፋዋል። ክራሩን ከተሰቀለበት ቢያወርድ እንኳ አከራዩዋ «በሌሊት ጩኸት አልወድም» ይሉታል። ከሁለት ዓመት በኋላ ለእኅቱ ሠርግ ወደ ሰበታ መጣ። ዘመድ ወዳጁ «እስኪ ተጫወትልን» ብሎ ክራር አቀበለው። ጥቂት መታና አቆመ። ከጎኑ ነበርሁና እጁን አየሁት፤ መዳፉ ሻክሮ ጣቶቹ ደርቀው አልታዘዝ ብለውታል። «ጋሼ፥ እዚህ ሳለሁ እሻል ነበር» አለኝ። ሌላ ቃል አልጨመረም፤ አልወቀሰኝምም። ቢወቅሰኝ ኖሮ ይቀልልኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ስለዚያ ተረት ብዙ አስቤአለሁ። ቂጣ ጋግራ የምታውቅ ሴት ሁሉ እንደምትመሰክረው፥ ያልተገለበጠ ቂጣ ያራል፤ ዳሩ ግን ሥሩ ሳይበስል የተገለበጠ ቂጣም ቍርስርሱ ይወጣል። ተረቱ መገልበጥ እንደሚያስፈልግ ነገረን እንጂ መቼ እንደ ሆነ አልነገረንም። ያንን የምታውቀው ምጣዱ ዳር የተቀመጠችው ጋጋሪ ናት።

ተቃዋሚዎቼ ይህን ሲሰሙ ወዲያውኑ የጥላሁን ገሠሠን ስም ያነሡብኛል። በ1933 ዓ.ም. የተወለደው ጥላሁን ያደገው በወሊሶ ነው። ገና ተማሪ ሳለ ለትርዒት ወደ ትምህርት ቤቱ የመጣ የሙያው ሰው፥ ሙዚቃን ከፈለገ ወደ አዲስ አበባ መሄድ እንዳለበት ነገረው። ልጁም በእግሩ ተነሥቶ ቱሉ ቦሎ ደረሰ፤ አያቱ ተከትለው መለሱት። ሁለተኛ ግን በጭነት መኪና ላይ ተደብቆ አዲስ አበባ ገባ። ከወሊሶ ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው መንገድ በሰበታ በኩል ስለሚያልፍ፥ ያ ልጅ በጭነቱ መካከል ተሸሽጎ የኛን ደጃፍ አልፎ ሄዷል ማለት ነው። «እንግዲህ ጥላሁን ወሊሶ ቢቀር ኖሮ ማን ያውቀው ነበር?» ይሉኛል።

እውነት ነው፤ ማንም አያውቀውም ነበር። ነገር ግን ነገሩን በደንብ እንመልከተው። በ1940ዎቹ ዓ.ም. ለሙዚቃ ተብሎ የተሠራ ቤት ፍለጋ ከወሊሶ የወጣ ሰው ከአዲስ አበባ በቀር የት ይሄዳል? በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው አገር ፍቅር እዚያ ነበር፤ የክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራም እዚያ ነበር። ጥላሁን በመጀመሪያ በአገር ፍቅር ተቀጠረ፤ ከጥቂት ዓመት በኋላም ወደ ክቡር ዘበኛ ገባ። ይህም ማለት ደመወዝ፥ መሣሪያና ከርሱ የሚበልጡ ባልንጀሮች ያሉበት ቤት ተቀበለው ማለት ነው። የሄደው የሚያንኳኳውን በር ዐውቆ ነው። የክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራ ከ1966ቱ ለውጥ በኋላ ቀርቷል። ዛሬ ክራሩን አንግቶ ከሰበታ የሚነሣውን ልጅ የሚቀበለው የትኛው ቤት ነው? እኔ የላክሁትን ልጅ የተቀበለው የሲሚንቶ ከረጢት ነበር።

ሌሎች ደግሞ «ዕድል የምታገኘው በቦታው የተገኘውን ነው» ይላሉ። ለዚህም ማሕሙድ አሕመድን ይጠቅሳሉ። ማሕሙድ በአዲስ አበባ በአሪዞና ክለብ ተላላኪ ሆኖ ሲሠራ፥ አንድ ሌሊት ዘፋኞቹ በቀሩ ጊዜ ልዝፈን ብሎ ጠይቆ መድረክ ላይ ወጣ፤ ከዚያም ወደ ክቡር ዘበኛ ገባ። ይህ ክርክር ከሁሉ የበረታው ነው፤ አልንቀውም። ይሁን እንጂ በዚያ ሌሊት በክለቡ ውስጥ ብዙ ሰው እንደ ነበረ አንርሳ። ሳሕን አጣቢም፥ በር ጠባቂም፥ መጠጥ ቀጂም ነበረ። ዕድል በሩን የከፈተችው ለሁሉም ነው፤ የገባው ግን ዘፈኖቹን ዐውቆ የተዘጋጀው አንዱ ብቻ ነው።

ሥሩ በስሎ የተገለበጠውንም ላሳያችሁ። ዓሊ ቢራ አዲስ አበባ ከመግባቱ በፊት በድሬዳዋ በ1950ዎቹ ዓ.ም. በተቋቋመው በአፍረን ቀሎ ቡድን ውስጥ ዘፍኗል። ስሙን እንኳ ያገኘው እዚያው በዘፈነው ዘፈን ነው። ወደ አዲስ አበባ መጥቶ ክቡር ዘበኛ ሲገባ የሚዘፍነውን ከአገሩ ይዞ ነበር። በ2015 ዓ.ም. ሲያርፍ አገሩ ያለቀሰለት ከዚያው ከልጅነቱ ምንጭ እየቀዳ ስለ ኖረ ነው።

ደግሞ ትልቅ ከተማ መግባት ብቻውን ሙዚቀኛን የሚያሳድገው ቢሆን ኖሮ፥ ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን አይበልጥም? የዋልያስ ባንድ ኦርጋን ተጫዋች ኃይሉ መርጊያ በ1970ዎቹ ከባንዱ ጋር ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በዚያው ቀረ። በዚያ ትልቅ ከተማ እንጀራ የሆነው ሙዚቃው ሳይሆን ታክሲ መንዳቱ ነበር። እርሱ ግን መሣሪያውን በታክሲው የዕቃ መጫኛ ይዞ፥ ከአውሮፕላን ጣቢያው ተሳፋሪ እስኪመጣለት ድረስ ይለማመድ ነበር። ብዙ ዓመት ካለፈ በኋላ አንድ አሜሪካዊ የኃይሉን አሮጌ ካሴት ባሕር ዳር ላይ አግኝቶ በ2005 ዓ.ም. እንደ ገና አሳተመለት፤ ሽማግሌውም ወደ መድረክ ተመለሰ። ልብ በሉ፤ ካሴቱ የተገኘው በዋሽንግተን አይደለም። ሰውየውን ለመድረክ ያቆየው ደግሞ የኖረበት ከተማ አይደለም፤ በተሳፋሪና በተሳፋሪ መካከል ያላባከናት ሰዓት ናት።

ይህን ስል ግን «የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ» እያሉ ልጆቻቸውን በጓዳ ከሚያስቀሩት ሽማግሌዎች ጋር ተስማምቻለሁ ማለት አይደለም። በትንሽ ከተማ መቅረት የራሱ መርዝ አለው። እዚህ ሰው የሚያጨበጭብልህ የአክስትህ ልጅ ስለ ሆንህ ነው፤ ክርህ ቢረክስ «ረክሷል» የሚልህ የለም። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ያለው አዲስ አበባ ነው፤ አገር ፍቅርም፥ በ1948 ዓ.ም. የተከፈተው የዛሬው ብሔራዊ ቴአትርም ያሉት እዚያ ነው። እነዚህን ሳያይ ሙዚቀኛ ነኝ የሚል ወጣት ራሱን ያታልላል። ስለዚህ መሄድ ግዴታ ነው።

ዳሩ ግን መሄድና ቤት መከራየት አንድ ነገር አይደሉም። ከሰበታ እስከ አዲስ አበባ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገዱ ተጨናንቆ ቢያስመርርም፥ በዓለም ገናና በአየር ጤና በኩል ጧት ሄዶ ማታ መመለስ ይቻላል። የወሊሶው ልጅ በጭነት መኪና ተደብቆ የሄደበትን መንገድ እናንተ በሚኒባስ ትሄዱበታላችሁ። ለአከራይ የሚከፈለው ገንዘብ ለመምህር ቢከፈል፥ በሸክም የሚያልቀው ጉልበት ለልምምድ ቢውል አይሻልም? ለቡራዩና ለሱሉልታ ልጆችም የምለው ይህንኑ ነው። በ2015 ዓ.ም. ከተሞቻችን በሸገር ከተማ ሥር ሲጠቃለሉ በስም ከትልቅ ከተማ ገብተናል፤ ነገር ግን በዚያ ቀን ማንም ክራር መቺ ከትናንትናው የተሻለ ሆኖ አላደረም።

«ሙዚቃ የሌሊት ሥራ ነው፤ በእኩለ ሌሊት ወደ ሰበታ የሚመለስ ታክሲ የለም» የሚለኝ ሰው ይኖራል። መልካም ብሏል፤ መለኪያውንም ራሱ ሰጠኝ። በሳምንት ሦስትና አራት ሌሊት የሚጠራህ ባንድ ካገኘህ፥ መመለሻ ማጣትህ ራሱ ቂጣው መብሰሉን ያስታውቃል፤ ያን ጊዜ ተነሥ፥ ግባ፥ ማንም አይከልክልህ። ሥራው ሳይጠራችሁ ግን ሥራ ይጠራናል ብላችሁ ቤት አትከራዩ።

ለኛም ለታላላቆች የሚገባን ተግሣጽ አለ። ሙዚቀኛውን በሠርጋችን ሌሊቱን ሙሉ አስጨፍረን፥ ሲነጋ ዋጋውን «ነገ ና» የምንለው እኛ ነን። «አዝማሪ» የሚለውን የሙያ ስም ስድብ ያደረግነውም እኛ ነን። ልጃችን ክራር ሲይዝ የምናፍር ሰዎች «ለምን አገሩን ጥሎ ሄደ?» ብለን ለመጠየቅ ምን አፍ አለን? ልጆቹ እንዲቀመጡ የምንወድ ከሆነ መቀመጫ እንስጣቸው፤ ይኸውም የሚለማመዱበት ክፍል፥ በሰዓቱ የሚከፈል ዋጋና የሚያዳምጥ ጆሮ ነው።

በዚህ ዓመት አንዲት ድምፀ መልካም ልጅ ያንኑ የጥንቱን ጥያቄ ይዛ መጣች። «ጋሼ፥ ልሂድ ወይስ ልቅር?» አለችኝ። በዚህ ጊዜ አልቸኰልሁም። «መምህርሽ ማን ነው? በቀን ስንት ሰዓት ትለማመጃለሽ? ስትሳሳቺ የሚነግርሽ ማን ነው?» ብዬ ጠየቅኋት። ለሁለተኛው ብቻ መለሰችልኝ። «እንግዲያውስ ማክሰኞና ቅዳሜ ሂጂ፤ የቀሩትን ሁለት መልሶች ፈልገሽ አምጪ፤ ማታ ግን ከእናትሽ ቤት ግቢ» አልኋት። መምህር አግኝታለች። የሚኒባሱን ዋጋ በየወሩ የምሰጣት እኔ ነኝ፤ ምክር ሰጪ ከምክሩ ጋር አንድ ነገር ማውጣት እንዳለበት ከዚያ ክራር መቺ ልጅ ተምሬአለሁና።