የባሰው ሆድ

በአማርኛችን ሆድ ብዙ ሥራ አለው። ስናዝን ሆድ ይብሰናል፤ የሌላው መከራ ሲሰማን ሆዳችን ይባባል፤ ምስጢር በሆዳችን እንይዛለን፤ ታጋሹን ሰው ሆደ ሰፊ እንላለን፤ የምንወደውን ደግሞ «ሆዴ» ብለን እንጠራለን። ምግብና ስሜት በአንድ ቤት እንደሚኖሩ ቋንቋችን ቀድሞ ያውቅ ነበር። እኔ የተረዳሁት ግን ዘግይቼ ነው፤ እናቴ ካረፈች በኋላ።

በለቅሶው ሰሞን ቤታችን ሰው አልጎደለበትም። ጎረቤቱ በየተራ እንጀራና ወጥ ይዞ ይመጣል፤ «እስቲ በሞቴ፣ አንድ ጉርሻ» እያለ እምቢ ያለ አፌን ያስከፍተኛል። በዚያ ጉርሻ ውስጥ «አለንልሽ» የሚል ቃል ነበረበት። የእድሩ ድንኳን ከተነሣ በኋላ ግን ምሽቱ ከበደኝ። እናቴ ቡና አፍልታ ትጠብቀኝ በነበረበት ሰዓት ከሥራ እገባና ጓዳ ቆሜ ዳቦ እቆርሳለሁ፤ ከዳቦው ወደ ብስኩት፣ ከብስኩቱ ወደ ተረፈው ወጥ። ብጠግብም እጄ አይሰበሰብም። በዓመቱ 11 ኪሎ ጨመርኩ።

ያገኘኝ ሁሉ «ወፈርሽ» ይለኝ ጀመር። አፍሬ ቁርስ ተውኩ፤ እራቴን ሾርባ ብቻ አደረግሁ። ሁለት ሳምንት እታገሥና አንድ ምሽት ሆድ ሲብሰኝ ሁሉም ይፈርሳል። በማግስቱ ኀፍረቱ ይብሳል፤ ኀፍረቱም መልሶ ወደዚያው ዳቦ ይወስደኛል።

በኋላ ያነበብኩት አንድ ጥናት ሸክሜን አቀለለልኝ። በ1944 እና በ1945 (እ.ኤ.አ.) አሜሪካዊው ተመራማሪ አንሴል ኪስ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ 36 ጤነኛ ወጣት ፈቃደኞችን ለስድስት ወር ያህል ከለመዱት ምግብ ግማሽ በሚሆን ቀለብ አኖራቸው። ክብደታቸው በሩብ ገደማ ቀነሰ። አብሮም ጠባያቸው ተለወጠ፤ ተከፉ፣ ተነጫነጩ፣ ከሰው ራቁ፣ ሐሳባቸው ሁሉ ምግብ ሆነ። ቀለቡ ሲመለስላቸውም ብዙዎቹ እየበሉ አልጠግብ አሉ። ጤነኛውን ወጣት እንዲህ ያደረገ ረሃብ ሐዘንተኛውን ምን ሊያደርገው ነው? በዚያ ላይ ጭንቀት ሲበረታ ሰውነታችን ኮርቲሶል የተባለውን ሆርሞን ያመነጫል፤ ጭንቀቱ ሲሰነብት ደግሞ ጣፋጭና ቅባት ያለው ምግብ ያምረናል። ዳቦው ፊት የተሸነፍኩት ሰነፍ ስለሆንኩ አልነበረም።

እናቴን አስታወስኩ። ሁዳዴን 55 ቀን ሙሉ ትጾም ነበር፤ ቅዳሴ ሳይወጣ እህል አትቀምስም። አንድ ቀን እንኳ ገላዋን ስትሰድብ አልሰማኋትም። ጾሟ ለኪሎ አልነበረም፤ ረሃቡን ያስቻላት ለፈጣሪዋ ያላት ፍቅር ነው፤ ሠፈሩም አብሯት ይጾማል። የእኔ ረሃብ ግን ኀፍረት ያመጣው ነበር፤ የምራበውም ለብቻዬ ነው። በኀፍረት የተጀመረ ምግብ ቅነሳ ዕድሜ እንደሌለው ያመንኩት ያን ጊዜ ነው። ሰው የሚጠላውን ገላ ብዙ ጊዜ አይንከባከብም።

ስለዚህ ከምግቡ በፊት ምሽቱን ለወጥኩ። በእናቴ ሰዓት ጀበና እጥዳለሁ፤ ጎረቤቴን እትዬን እጠራለሁ። እራቴን ተቀምጬ፣ ጠግቤ እበላለሁ። እጄ ወደ ዳቦው ሲሄድ ራሴን እጠይቃለሁ፦ ሆዴ ራበው ወይስ ባሰው? ከራበው አበላዋለሁ፤ ከባሰው ለእህቴ እደውላለሁ፣ አንዳንዴም አለቅሳለሁ። ኪሎው ቀስ እያለ ወረደ፤ ከ11ዱ ሰባቱ ሄዷል። የቀረው ቢቀርም ከገላዬ ጋር ታርቄያለሁ።

እናንተም የወፈረ ወዳጅ ስታገኙ ኪሎውን አትንገሩት፤ ከእናንተ በፊት ያውቀዋል። ይልቅ «ማታ ማታ ከማን ጋር ነው የምትበላው?» ብላችሁ ጠይቁት። መልሱ «ብቻዬን» ከሆነ፣ ሄዳችሁ አንድ ጉርሻ አጉርሱት።