ሙግት፦ ሕይወትን ወደ ሌሎች ፀሐዮች እንላክ?

ይላክ

ምድር ለሕይወት የምትመችበት ዘመን አብዛኛው አልፏል። ሕይወት ከጀመረ ቢያንስ 3.5 ቢሊዮን ዓመት ሆኖታል። ፀሐይ ደግሞ በየቢሊዮን ዓመቱ 10 በመቶ ያህል እየደመቀች ስለምትሄድ፣ ከአንድ ቢሊዮን ዓመት ገደማ በኋላ ውቅያኖሶቻችን ተንነው ያልቃሉ። ደምሩት፤ ከሦስት አራተኛው በላይ ተበልቷል። ከፀሐያችን ውጭ ከ5,500 በላይ ፕላኔቶች ተገኝተዋል፣ በአንዳቸውም ላይ ሕይወት መኖሩ አልተረጋገጠም። ባለን መረጃ ሕይወት ያለው በአንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ያ ቦታ ከጠፋ ሁሉም ጠፋ።

ሐሳቡ የሕልመኞች ብቻ አይደለም። ሳይንቲስቶቹ ፍራንሲስ ክሪክና ሌስሊ ኦርጌል እ.ኤ.አ. በ1973 ምድር ራሷ በሌሎች ሥልጡን ፍጡራን ሆን ተብሎ ሕይወት የተዘራባት ልትሆን እንደምትችል ጽፈዋል። በ2016 ደግሞ የፍራንክፈርቱ የፊዚክስ ሊቅ ክላውዲየስ ግሮስ «ዘፍጥረት» የሚል ስም የሰጠውን ዕቅድ አቀረበ። ሰው የሌለበት ትንሽ መንኮራኩር ሄዶ ረቂቅ ተሕዋስያንን ያደርሳል። የሚመረጠውም ለሕይወት የሚመችበት ጊዜ አጭር በመሆኑ በራሱ ወደ ውስብስብ ሕይወት ሊደርስ የማይችል ፕላኔት ነው። በምድር ላይ እንስሳት የመጡት ከ600 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ወዲህ ነው፤ ከዚያ በፊት የነበረውን ረጅም መንገድ የተዘጋጀ ሕዋስ በመላክ ማሳጠር ይቻላል።

ተሕዋስያኑ ጠፈርን ይችሉታል ወይ? የጃፓን ተመራማሪዎች ዴይኖኮከስ የሚባለውን ባክቴሪያ አድርቀው ከዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ውጭ ለ3 ዓመት አቆዩት። ከላይ ያሉት በጨረር ሞቱ፤ የሞቱት ግን ከሥራቸው ያሉትን ከለሉ። ከግማሽ ሚሊሜትር በላይ በወፈረው ክምር ውስጥ በሕይወት የቆዩ ተገኙ። ግማሽ ሚሊሜትር!

አይላክ

ጣና ዳር ሰዎች እስከ ወገባቸው ውኃ ውስጥ ገብተው እምቦጭ ሲነቅሉ አይቻለሁ። አበባው ሐምራዊ ነው፣ ያምራል። ሥሩ ውኃና ጭቃ ይዞ ስለሚወጣ አንድ እቅፍ እንኳ ይከብዳል፤ ዳር ላይ ሲከመር ይሸታል፤ ውኃው ውስጥ ከቀረው ቁራጭ ደግሞ እንደገና ያቆጠቁጣል። ከነቃዮቹ አንዱ ሽማግሌ «ማን ነው ያመጣብን?» ሲሉ የመለሰላቸው አልነበረም። የእምቦጩ አገር ደቡብ አሜሪካ ነው። እኔን የሚያስፈራኝ ይህ ነው፦ የላከው ሰው በማይኖርበት ቦታ፣ የሚነቅለው ሌላ ነው። በሌላ ፀሐይ ዙሪያ ደግሞ ነቃይም የለም።

ፕላኔቱ ባዶ መሆኑንስ በምን ያውቃሉ? አፋር ውስጥ ያለው ዳሎል የእኛው መሬት ነው፤ ሄደው ይቆሙበታል፣ ውኃውን በጠርሙስ ይቀዱታል። እ.ኤ.አ. በ2019 አንድ የተመራማሪዎች ቡድን እዚያ እጅግ ጥቃቅን ተሕዋስያን አገኘሁ አለ። በዚያው ዓመት ሌላ ቡድን አሲዱና ጨዉ በበረታባቸው ኩሬዎች ሕይወት የለም አለ። ቆመውበት ያልተስማሙበትን፣ ከ40 የብርሃን ዓመት ርቀት በቴሌስኮፕ አይተው ሊወስኑ ነው?

በዚህ ጉዳይ የሰው ልጅ አንድ የሚያኮራ ነገር አድርጓል። በ2017 ካሲኒ የተባለችው መንኮራኩር ነዳጇ ሊያልቅ ሲል ሆን ተብሎ ወደ ሳተርን ገብታ እንድትቃጠል ተደረገ፤ ኤንሰለደስና ታይታን የተባሉት ጨረቃዎች ከምድር በሄደ ባክቴሪያ እንዳይበከሉ። ሕይወት መኖሩን አረጋግጠን አይደለም። ሊኖር ይችላል ብለን ብቻ ነው።

ደግሞም ሕይወት ብቻውን አይላክም። ረሃብ፣ በሽታ፣ እርስ በርስ መበላላት አብረውት ይሄዳሉ። እዚያ የሚሠቃየው ፍጡር ማንን ይጠይቅ?

የ«ይላክ» ወገን መልስ

እኅቴ፣ እምቦጩን ተይው። ጣና የተጎዳው ቀድሞውንም ሕያው ስለነበረ ነው፤ ዓሣው፣ ደንገሉ፣ ታንኳው፣ ባለታንኳውም ስላለ። ግሮስ በመረጠው ዓይነት ፕላኔት ላይ የሚታፈን ዓሣ የለም። ሰውን በሐይቃችን ሕመም አስደንግጦ ከሂሳቡ ማራቅ ደግ አይመስለኝም። ሂሳቡ ይኸው ነው፦ ከ5,500 በላይ ፕላኔት፣ ሕይወቱ የታወቀ አንድ ምድር።

የ«አይላክ» ወገን መልስ

ወንድሜ፣ እኔን ያበሳጨኝ ያ «ግማሽ ሚሊሜትር!» ነው። በቀላሉ የማይሞት መሆኑን እንደ ምሥራች ትናገረዋለህ፤ እኔ የምሰጋው ግን በዚሁ ነው። በ2019 በረሺት የተባለችው የእስራኤል መንኮራኩር ጨረቃ ላይ ተከሰከሰች። ውስጧ ደርቀው መቆየት የሚችሉ፣ ታርዲግሬድ የሚባሉ በሺዎች የሚቆጠሩ ጥቃቅን እንስሳት ነበሩ፤ አብዛኛው ሰው ይህን የሰማው ከአደጋው በኋላ ነው። የ1967ቱ የጠፈር ውል 9ኛ አንቀጽ አገሮች የሰማይ አካላትን ከጎጂ ብክለት እንዲጠብቁ ያዛል። ውሉ እያለ፣ የቀናት መንገድ በሆነችው ጨረቃ ላይ እንዲህ ከሆነ፣ ማንም በማያየው ቦታ የሚሆነውን አንተው ገምት።

ምድር ገና አንድ ቢሊዮን ዓመት አላት ያልከውም አንተ ነህ። ታዲያ ምን ያስቸኩልሃል? ስለ ዳሎል የጠየቅሁህንም አልመለስክልኝም።