ያ አሮጌ ዴስክቶፕ ከመሸጡ በፊት

ስልካችሁ ላይ ራም መጨመር አትችሉም፤ ቦርዱ ላይ ተበይዶ ነው የሚመጣው። ሴቲንግ ውስጥ «ራም ጨምር» የሚለውም ከስቶሬጁ ቆርሶ መበደር ነው። ቤታችሁ ጥግ አቧራ የለበሰው ዴስክቶፕ ግን ይከፈታል፣ ይነቀላል፣ ይሰካል።

ለዚህ ነው ሳያይ «አርጅቷል፣ ሽጡት» የሚል ጠጋኝ የሚያናድደኝ። መጀመሪያ ታስክ ማናጀርን ክፈቱ። 2 ጊጋባይት ራም ይዞ ብሮውዘር ሲከፈት ጢም የሚል ማሽን፣ ቦርዱ ፈቅዶ 8 ቢያገኝ ለመመረቂያ ጽሑፍ አያንስም። (ለጌም አላልኩም።)

ግን ዝም ብሎ መግዛት የለም። ዲዲአር2 እና ዲዲአር3 ሁለቱም 240 ፒን አላቸው፣ ርዝመታቸውም እኩል ነው። ከታች ያለችው ክፍተት ቦታዋ ስለሚለያይ ግን አንዱ የሌላው ስሎት ውስጥ አይገባም፤ እምቢ ካለ በጉልበት አትግፉት! ዊንዶውሱ 32 ቢት ከሆነ ደግሞ ከ4 ጊጋባይት በላይ መጨመር ብር ማባከን ነው።

አቀማመጡ ላይ ብዙዎች ግድ የላቸውም። እኔ ከአንድ ባለ 8 ይልቅ ሁለት እኩል ባለ 4 እመርጣለሁ፤ በትክክለኛው ጥንድ ስሎት ላይ ከዋሉ ቦርዱ በዱዋል ቻናል ያሠራቸዋል። ብዙ ጊዜ ጥንዶቹ ቀለማቸው አንድ ነው፤ እርግጡን የሚናገረው ግን ማኑዋሉ ነው። ፍጥነታቸው ከተለያየ ሁሉም በዘገምተኛው ልክ ይሄዳሉ።

ስለዚህ ለጠጋኝ ሰጥታችሁ አትሂዱ፣ አጠገቡ ቁሙ። የመብራቱ ገመድ መነቀሉን እዩ፣ «የትኛው ስሎት ላይ ሰካኸው?» በሉት። የራሙ መያዣ ቀጭ ሳይል ኬዙን እንዳይዘጋ።