የኮምፒዩተርና የእኛ ዘመን አቆጣጠር

የኢሜይል ፕሮግራም እንቢ ባለ ጊዜ ብዙ ቤተ ሰብ አስቀድሞ የይለፍ ቃሉን ይጠረጥራል። ጅጅጋ የሚኖሩ አክስታችንም ከውጭ አገር ልጃቸው የምትልክላቸውን የጉዞ ሰነድ ሲጠባበቁ አንድ ሳምንት እንዲሁ ደክመዋል። ፕሮግራሙ «ግንኙነቱ አይታመንም» ከማለት በቀር መልስ አልነበረውም።

ጠርጥረን ቀኑን ብናይ፣ መብራት ሲጠፋ ቀን የሚረሳውን ኮምፒዩተር እርሳቸው በአገራችን አቆጣጠር 2018 ብለውታል! መሣሪያው ግን በውስጡ የሚቆጥረው በፈረንጅ ዘመን ነው። ደብዳቤ አቀባዩ ድርጅት የሚያሳየው የምስክር ወረቀት የሚጸናበት መጀመሪያና መጨረሻ ቀን አለው፤ ሰዓቱ ከ7 ዓመት በላይ ወደ ኋላ የቀረ ኮምፒዩተር ይህን ገና ያልጸና ወረቀት ነው ብሎ በር ይዘጋል። እንደ ጥሩ ዘበኛ ነውና አንወቅሰውም። ቀኑ እንደ ታረመ ሰነዱ ወዲያው ገባ።

እንግዲህ የይለፍ ቃል ከመንካት በፊት ቀንና ዓመቱ ይታይ። የሰዓት ክልሉ «ናይሮቢ» የሚለው ይመረጥ፤ ከእኛ ጋር አንድ ነውና። ሰዓቱም በኢንተርኔት ራሱን እንዲያርም ይፈቀድለት። መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑ የሚዛባ ከሆነ፣ በውስጡ ያለችው ሳንቲም መሰል ባትሪ ደክማለችና «ሲአር 2032» የተባለችው ተገዝታ ትለወጥ።