አራት ሰው ይበቃ ነበር

«ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው።»

ባለፈው ማክሰኞ ሐዋሳ፣ አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ፣ አንድ መሥሪያ ቤት በር ላይ የተሰማው ይኸው ነው። የመሥሪያ ቤቱ ስም ይቅር፤ የከተማዋ ሰው የትኛው እንደሆነ ቢገምት አይሳሳትም፣ ሌላ ቢጠራም ያው ነው። ወረቀቶቻቸውን በፌስታል ጠቅልለው የያዙ አንዲት እናት ጥበቃውን «ልጄ፣ ትናንትም ስብሰባ ብለኸኝ አልነበር?» ሲሉት፣ እሱም አፈር ብሎ «ማዘር፣ የትናንቱ ሌላ ነው» አላቸው። ሴትየዋ አልተቆጡም። አግዳሚው ላይ ቦታ ፈልገው ተቀመጡ።

የዚህ ዓምድ ደንበኞች ዓምዱ ከስብሰባ ጋር ያለውን የቆየ ጠብ ስለሚያውቁት ከሀ መጀመር አያስፈልግም። በዚህ ሳምንት ነገሩን የቀሰቀሰው ከአግዳሚው አጠገብ የቆመው የእጅ መታጠቢያ በርሜል ነው። ቧንቧው ተነቅሏል። «እጅዎን ሳይታጠቡ አይግቡ» ከሚለው ጽሑፍ የቀረው «አይግቡ» ብቻ ነው። ሆዱን ባዶ የሃይላንድ ፕላስቲክና የተቀደደ ማመልከቻ ሞልቶታል። በኅዳር 2018 ጂንካ ላይ የማርበርግ በሽታ ተገኘ ተብሎ አገር ሲደነግጥ እንኳ ጠብታ ውሃ አላየም።

በርሜሉ የተተከለው ግን መሰብሰብ ወንጀል በነበረበት ዘመን ነው። በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ፣ ከቡርኪና ፋሶ የመጣ የ48 ዓመት ጃፓናዊ፣ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ይፋ ተደረገ። ሰኞ መጋቢት 7 ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ቁጥር 3/2012 ታወጀ። ማስፈጸሚያው ደንብ ቁጥር 466/2012 ዛሬ ሲነበብ ልብ ወለድ ይመስላል። መጨባበጥ ክልክል። ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ክልክል። ተከራይ ማስወጣትና ኪራይ መጨመር ክልክል። የሕዝብ ማመላለሻ ከወንበሩ ግማሹን ብቻ ይጭናል። የተላለፈ እስከ ሦስት ዓመት ይታሰራል፣ ወይም ከ1,000 እስከ 200,000 ብር ይቀጣል። ትከሻ ለትከሻ ሳይጋጭ «እንዴት ሰነበትክ» የማይል ሕዝብ፣ ለአንድ የእጅ ሰላምታ 200,000 ብር! ሰዉም መላ አያጣምና ክርን ከክርን ማጋጨት ጀመረ።

ከአራት ሰው በላይ አትሰብሰቡ ሲባል ሐዋሳ ምን እንደሆነች የሚያውቃት ያውቃል። ከተማዋ ከሐይቁና ከዓሣው እኩል በስብሰባ ትኖራለች። አዲስ አበባ ያለ መሥሪያ ቤት ወይም ግብረ ሰናይ ድርጅት ሥልጠና፣ ምክክር፣ የግማሽ ዓመት ግምገማ ሲያቅድ አዳማ፣ ቢሾፍቱ ወይም ሐዋሳ ይላል። ሰኞ ገብቶ ዓርብ የሚወጣ እንግዳ አለ፤ አበል አለ፤ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ የሻይ ዕረፍት አለ፤ ማታ ደግሞ ፍቅር ሐይቅ ዳር የእግር ጉዞ። በዚያ ሚያዝያ አዳራሾቹ ወንበራቸውን ደራርበው ቆለፉ። ባነር የሚያትመው፣ አስተናጋጁ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያ እንግዳ የሚያመላልሰው ሾፌር፣ አሞራ ገደል ዓሣ የምትጠብሰው ሴት፣ ሁሉም እጃቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ። ይህ አያስቅም፤ ይህ ዓምድም አይስቅበትም።

የመንግሥት ሥራ ግን ቆመ ወይ? ሲዳማ በኅዳር 10 ቀን 2012ቱ ሕዝበ ውሳኔ የመረጠውን ክልልነት የተረከበው ሰኔ 2012፣ አዋጁ ሳይነሣ፣ ሰው በማስክ ተሸፍኖ ሳለ ነው። አሥረኛው ክልል በእንዲህ ያለ ጊዜ ከተወለደ፣ ለአንዲት የድጋፍ ደብዳቤ ፊርማ የሦስት ቀን ምክክር ምን ይሠራል? ያኔ ጉዳይ በስልክ፣ በዙም፣ ሲጨንቅም በር ላይ ተቁሞ ያልቅ ነበር። የዘገየ መኖሩ አይካድም። ለነሐሴ 2012 ታስቦ የነበረው ምርጫ ወደ ሰኔ 14 ቀን 2013 ተሻገረ፤ የ12ኛ ክፍል ተፈታኞችም እስከ የካቲት 2013 መጨረሻ ጠበቁ። ያዘገያቸው ግን በሽታው እንጂ የስብሰባ እጦት አልነበረም። እንዲያውም ትምህርት ቤቶች በ2013 ሲከፈቱ በአንድ ክፍል ከ20 እስከ 25 ተማሪ ይቀመጥ ተብሎ በፈረቃ ማስተማር ተጀመረ። ወላጅና መምህር ስንት ዘመን የለመኑትን ነገር ቫይረስ አስፈጸመው፤ ቫይረሱ ሲረሳ ልጆቹ ተመልሰው ተጨናነቁ።

«ፊት ለፊት ካልተያዩ መግባባት የለም» የሚሉ አሉ። አዳራሹ ውስጥ ፊት ለፊት የሚታየው ፓወር ፖይንት ነው።

በዙም የማይሰፋው ግን ሸሚዝ ነው። ሐምሌ 2008 የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ከወረርሽኙ በፊት በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች ነበሩት፤ የሚበዙት ከሲዳማ ወረዳዎች፣ ከወላይታና ከአካባቢው የመጡ ወጣት ሴቶች ናቸው። የአውሮፓና የአሜሪካ ሱቆች ሲዘጉ ትእዛዝ ተሰረዘ፣ ያልተሰረዘውም ተንጠለጠለ። አንዳንድ ፋብሪካዎች ወደ ማስክ ስፌት ዞሩ። በዚያው ዓመት ተመራማሪዎች ሴት ሠራተኞቹን በስልክ ሲያፈላልጉ ብዙዎቹ ሥራ ላይ አልነበሩም፤ ከሐዋሳ ወጥተው ገጠር የገቡም ብዙ ነበሩ። ደመወዝ በሌለበት ኪራይ ከየት ይመጣል? እነዚህ ልጆች አንዲት ክፍል ለሦስት ለአራት ተከራይተው የሚያድሩ ናቸው። የደንቡ አራትና የእነሱ አራት እዚህ ላይ ተገጣጠሙ፤ አንዲት ዘመድ ከገጠር ብትመጣባቸው ክፍሏ ሕገ ወጥ ስብሰባ ልትሆን ነበር።

ኪራይ አይጨመር፣ ተከራይ አይውጣ የሚለው አንቀጽ ከአዋጁ ሁሉ የሚሻለው ነበር። አምስት ወር ቆየ። አዋጁ ሲያበቃ እሱም ከመጨባበጥና ከስብሰባ ክልከላ ጋር አንድ ላይ ተነሣ፤ ማንም ይህቺ እንኳ ትቆይ አላለም። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ወጥቶ የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት አይነስ እስኪል ድረስ ሦስት ዓመት ተኩል ገደማ አለፈ። በመሃሉ የሰሜኑ ጦርነት መጣ፤ የፓርኩ አውራ ተከራይ ፒቪኤች በኅዳር 2014 እንደሚወጣ አስታወቀ፤ አሜሪካም በታኅሣሥ 2014 አገሪቱን ከቀረጥ ነፃ የንግድ ዕድሉ፣ ከአጎአ፣ አስወጣች። እነዚያን ልጆች ከሐዋሳ ያስወጣቸው ኮሮና ብቻ አይደለም። አንቀጹ ቢቆይ ኖሮ ግን ቢያንስ ማደሪያቸው ላይ የሚጨመረው ሸክም በቀነሰ ነበር። የሕግ ባለሙያዎች የአስቸኳይ ጊዜ ሕግ ከአስቸኳይ ጊዜው አያልፍም ይላሉ። ልክ ናቸው። ይዘቱን በመደበኛ ሕግ ገልብጦ ከማጽደቅ የሚከለክል ነገር ግን አልነበረም።

በ1911 የኅዳር በሽታ አዲስ አበባን ሲፈጅ፣ ራስ ተፈሪ ሳይቀሩ ታመው ሲነሡ፣ ሐዋሳ ገና አልተቆረቆረችም፤ የ1950ዎቹ ልጅ ናት። ያ ወረርሽኝ ኅዳር ሲታጠንን ትቶ ሄዷል። እስከ ዛሬ ኅዳር 12 ሲደርስ ደጅ ተጠርጎ ቆሻሻ ይቃጠላል። ጭሱ ለሳንባ አይበጅም፤ ቢሆንም ቀን አለው። ኮሮና በመንግሥት መዝገብ ብቻ ከ7,500 በላይ ሰው ወስዶ ቀን የለውም።

ይህ ዓምድ ቀኑን ያቀርባል፤ መጋቢት 4። የመጀመሪያው ታማሚ የተነገረበት ነው፤ ዓመት ሞልቶ በዚያው ዕለት፣ መጋቢት 4 ቀን 2013፣ ክትባቱ የተጀመረበትም ነው። በዚያ ቀን ሻማ አይብራ፣ ንግግር አይደረግ፣ ባነርም አይሰቀል። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሁሉ ከአራት ሰው በላይ ሳይሰበስብ ይዋል፤ ኃላፊው በሩን ከፍቶ ወንበሩ ላይ ይገኝ፤ በርሜሉም ውሃ ይሞላ። የተላለፈ ኃላፊ 200,000 ብሩ ይቅርለትና የተሰብሳቢውን ሻይ ከኪሱ ይክፈል። ሆቴሎቹ ቅር ይላቸው ይሆናል፤ ለእነሱ ከዓመቱ የተቀረው ቀን ሁሉ አለ። በዚያ ላይ በ2019 ዓ.ም. መጋቢት 4 የሚውለው ቅዳሜ ነው። ቢሮ ዝግ ስለሆነ ማንም ሳይከፋው ሊሞከር ይችላል።