ላስቀንሰው ወይስ ልተወው?

ሰሞኑን ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አንዱ ሦስት ቀን ሙሉ ከቦርሳዬ ሳይወጣ ሰነበተ። የጻፈችልኝ የ24 ዓመት ወጣት ስትሆን፣ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ተቀጥራ ሁለተኛ ዓመቷን ይዛለች። ስሟን እንዳላወጣባት ስለለመነችኝ አላወጣም። ጭንቀቷ የጡቷ ክብደት ነው። አንገቷንና ትከሻዋን ያማታል፤ የጡት ማስያዣዋ ማንገቻ ትከሻዋን አጎድጉዶታል፤ በበጋ ከጡቷ ሥር ላብ እየተጠራቀመ ቆዳዋ ይላላጣል፣ ያቃጥላታልም። በቅርቡ አንድ ሐኪም ይህ ነገር በቀዶ ሕክምና ሊቀነስ እንደሚችል ነገራት። ለእናቷ ብታዋያቸው ግን «እግዚአብሔር የሰጠሽን ገላ ልታስቆርጪ!» ብለው ቀኑን ሙሉ እህል ሳይቀምሱ ዋሉ። እንግዲህ በሐኪሙና በእናቷ መካከል ቆማ፣ «ላስቀንሰው ወይስ ልተወው?» ስትል ትጠይቀኛለች።

ስለ ጡት በአደባባይ መጻፍ ነውር የሚመስለው አንባቢ ቢኖር ገጹን ገልብጦ እስከሚቀጥለው ሳምንት ይለፈኝ። ስለ ጨጓራና ስለ ጥርስ ሕመም ሲጻፍ ማንም አይደነግጥም፤ ሕመሙ ደረት ላይ ሲሆን ግን ሴቲቱም ዝም፣ ቤተሰቡም ዝም፣ ጋዜጣውም ዝም ይላል። በዚህ ዝምታ መካከል ነው ብዙ ልጃገረዶች ትከሻቸውን አጉብጠው የሚያድጉት።

ደብዳቤውን ደጋግሜ ሳነበው ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች ተደባልቀው አገኘሁ። አንደኛው ሕመሙ ነው፤ ሁለተኛው መንገዱ ነው። ልጅቱ ጠዋት ጠዋት ምኒልክ አደባባይ ላይ ከታክሲ ወርዳ በጊዮርጊስ በኩል ወደ ሥራዋ ስታልፍ የሚደርስባትን ለከፋ በዝርዝር ጽፋዋለች፤ ቃላቱን እዚህ አልደግማቸውም። ከዚህ የተነሣ በጠራራ ፀሐይ ወፍራም ሹራብ ትደርባለች፤ የቢሮ ፋይል እንደ ጋሻ ደረቷ ላይ አቅፋ ትሄዳለች። እኔም ሴት ነኝና ያንን መንገድ አውቀዋለሁ። የአፄ ምኒልክ ሐውልት፣ ጣሊያን ነቅሎ ከቀበረው ዘመን በቀር፣ ከ1923 ዓ.ም. ጀምሮ በዚያ አደባባይ ላይ ቆሟል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የዓድዋ ድል መታሰቢያ በአጠገቡ ተከፈተ። ይህን ያህል ታሪክ በከበበው ሥፍራ አንዲት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ቀና ብላ ለማለፍ አለመቻሏ ያሳዝናል። ለካፊውም ሁልጊዜ ሥራ ፈት ጎረምሳ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ከረባት ያሰረም፣ ደብተር የያዘም አለበት።

ስለ መንገዱ የምመልስላት አጭር ነው፤ ለለካፊ ተብሎ ገላ አይቆረጥም። ለካፊ ልክ የለውም፤ ደረተ ሙሉዋን አንድ ነገር ቢላት፣ ቀጭኗን ደግሞ «ሸንበቆ» ይላታል። ኦፕራሲዮን ተደርጋ ስትመለስም ያው ሰው በዚያው ቦታ ሌላ ቃል ይዞ ይጠብቃታል። የምታስቀንሰው ስለዚህ ብቻ ከሆነ፣ የእኔ መልስ «ተይው» ነው።

ሕመሙ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ከባድ ጡት ገላን ወደ ፊት ይጎትታል፤ የአንገትና የጀርባ ጡንቻዎችም ያንን ክብደት ወደ ኋላ ሲስቡ ይውላሉ። ሐኪሞች በአንድ ኦፕራሲዮን ከእያንዳንዱ ጡት ግማሽ ኪሎ፣ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ በላይ ያወጣሉ። ግማሽ ኪሎ ስኳር ገዝቶ ቤት ማድረስ ቀላል ነው፤ ሁለት ግማሽ ኪሎ ደረት ላይ አንጠልጥሎ ዓመት ከዓመት መዝገብ ላይ አጎንብሶ መዋል ግን ቀላል አይደለም። በማስተምርበት ትምህርት ቤት የስፖርት ክፍለ ጊዜ በደረሰ ቁጥር «ወገቤን አመመኝ» እያሉ ከዛፍ ጥላ ሥር የሚቀመጡ ልጃገረዶች አሉ። ሰነፎች ናቸው የሚል መምህር አይጠፋም። ሩማንያዊቱ የቴኒስ ተጫዋች ሲሞና ሃሌፕ እ.ኤ.አ. በ2009፣ ገና የ17 ዓመት ልጅ ሳለች፣ ጡቷን አስቀነሰች፤ ክብደቱ ለኳሱ ቶሎ እንዳትደርስ ያግዳት፣ ጀርባዋንም ያማት ነበርና። በ2017 የዓለም አንደኛ ሆነች፤ በ2018 የፈረንሳይን፣ በ2019 የዊምብልደንን ዋንጫ አነሣች። ኦፕራሲዮኑ ዋንጫ አስገኘላት ማለቴ አይደለም። እርሷ ራሷ ስፖርተኛ ባትሆን ኖሮም ታደርገው እንደነበር ተናግራለች፤ ለእኛ የሚጠቅመንም ይኸው ነው።

ዳሩ ግን ወደ ቢላዋው ከመሮጥ በፊት ርካሽ የሆነ አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ልክ ነው። አብዛኞቻችን ጡት ማስያዣ የምንገዛው በዓይናችን ገምተን፣ ሻጩ ወንድ ከሆነም ቶሎ ጠቅልሎ እንዲሰጠን ቸኩለን ነው። ክብደቱን መሸከም ያለበት ከጡት ሥር ዙሪያውን የሚይዘው ክፍል ነው እንጂ የትከሻው ማንገቻ አይደለም። ማንገቻው ሰፊ፣ ዙሪያው ጠበቅ ያለ፣ በሜትር ተለክቶ የተገዛ ጡት ማስያዣ፣ ከጡት ሥር ያለውን ቆዳ አጥቦ በደንብ ማድረቅ፣ ጀርባን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ፤ ይህ የሚበቃት ሴት ትኖራለች። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2002 በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት፣ ጡታቸው በጣም ለከበዳቸው ሴቶች ልዩ ጡት ማስያዣና የመሳሰለው ዘላቂ እፎይታ እንዳልሰጣቸው፣ ኦፕራሲዮኑ ግን ሕመማቸውን በእጅጉ እንዳቃለለላቸው አሳይቷል። ስለዚህ ሐኪሙ የነገራት ቅንጦት አይደለም።

አሠራሩንም ሳይደብቁ መናገር ይሻላል። ሐኪሙ አስቀድሞ ታማሚዋ ቆማ ሳለች ገላዋ ላይ በቀለም ያሰምራል። እ.ኤ.አ. በ1956 ሮበርት ዋይዝ የተባለ ሐኪም ከጡት ማስያዣ ቅድ ተነሥቶ ያወጣው የአሰማመር ዘዴ ዛሬም ይሠራበታል፤ ልብስ ሰፊዎች ለሕክምና ያበረከቱት ነገር አለ ማለት ነው። ከዚያ ሙሉ ማደንዘዣ ወስዳ ሁለት፣ ሦስት፣ አንዳንዴም አራት ሰዓት ትተኛለች። ትርፉ ሥጋ፣ ስብና ቆዳ ይወጣል፤ የጡቱ ጫፍ ደምና ነርቭ ከሚያመጣለት ሥጋ ጋር እንደ ተያያዘ ከፍ ይደረጋል፤ የቀረው ተሰብስቦ ይሰፋል። ጠባሳው በጫፉ ዙሪያ ይዞርና ቁልቁል ይወርዳል፤ ብዙ ጊዜም ከጡቱ ሥር አግድም ይሄዳል።

ይህ ጠባሳ በጊዜ ብዛት ይደበዝዛል እንጂ አይጠፋም። እንደኛ ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ደግሞ እያበጠ የመቅረቱ ዕድል ከፍ ያለ ነው፤ ስለዚህ ጆሮዋን ስትበሳ ወይም ስትከተብ ቁስሏ አብጦ የቀረባት ሴት ይህን ለሐኪሟ ሳትነግር አልጋው ላይ አትውጣ። የጡቱ ጫፍ ስሜቱ ሊቀንስ፣ ጨርሶም ሊጠፋ ይችላል። ቁስሉ ሊያመረቅዝ፣ ስፌቱ ሊከፈት፣ ሁለቱ ጡቶችም እኩል ላይሆኑ ይችላሉ። የምታጨስ ከሆነች ቁስሏ ቶሎ አይሽርም። ወደ ቢሮ ለመመለስ ሁለት ሳምንት ያህል፣ ከባድ ዕቃ ለማንሣት ግን ከወር በላይ መታገሥ ያስፈልጋል። በዚያ ጊዜ ጀሪካኑን ማን ያነሣል? ሊጡን ማን ያቦካል? ይህም ከሐኪም ክፍያ ጋር አብሮ የሚታሰብ ሒሳብ ነው።

የእናትየዋን ልቅሶ ሳስበው፣ «እግዚአብሔር የሰጠሽ» ከሚለው ቃል በስተጀርባ ሌላ ፍርሃት ያለ ይመስለኛል፤ የልጅ ልጄ ምን ይጠባል የሚል። ይህ ፍርሃት የሚናቅ አይደለም። ሕፃን እስከ ስድስት ወሩ ከእናቱ ጡት በቀር ምንም አይቅመስ ተብሎ የሚመከረው ያለ ምክንያት አይደለም፤ የቆርቆሮ ወተት ደግሞ የጀማሪ ሠራተኛን ደመወዝ እንደምን እንደሚበላው የወለደ ያውቃል። የጡቱ ጫፍ ከሥሩ ሳይለይ ከተሠራ ብዙ ሴቶች ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ያጠባሉ፤ ነገር ግን ወተቱ ለልጁ ሙሉ በሙሉ እንደሚበቃ ማንም አስቀድሞ ዋስ ሊሆን አይችልም። ጡቱ እጅግ ግዙፍ ሆኖ ጫፉ ተቆርጦ ከተነሣ በኋላ በቦታው የሚተከል ከሆነ ደግሞ ማጥባቱ ቀረ ማለት ይቻላል። በዚህ ላይ እርግዝና ራሱ የጡትን መጠን ይለውጣል። ስለዚህ በአንድና በሁለት ዓመት ውስጥ ለመውለድ ያሰበች ሴት፣ ሕመሙ የሚቻል ከሆነ፣ ወልዳና አጥብታ ብታደርገው ይሻላታል። ሠርጓ ገና ቀን ያልተቆረጠለት፣ ሕመሙም እንቅልፍ የነሳት ሴት ግን ገና ላልተፀነሰ ልጅ ብላ ዐሥር ዓመት ትሰቃይ አልልም። የደብዳቤዬ ባለቤት ከሁለተኞቹ ናት።

ሌላም ያሳፈራት ነገር አለ፤ በእሳት ከተቃጠለ ሕፃን ጎን ተሰልፋ «ጡቴ ከበደኝ» ማለቱ። በአገራችን ፕላስቲክ ሰርጀሪ የሚባለውን ሙያ የያዙ ሐኪሞች ጥቂት ናቸው፤ ሥራቸውም በአብዛኛው የተቃጠለን ገላና ተሰንጥቆ የተወለደን ከንፈር ማቃናት ነው። ስድስት ኪሎ ያለው የካቲት 12 ሆስፒታል በቃጠሎ ሕክምና የታወቀ ነው፤ ዘነበወርቅ ያለው አለርት ደግሞ በ1958 ዓ.ም. ሲቋቋም የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ለመርዳት ነበር። እንዲህ ባለ ተራ ውስጥ መቆም የሚከብዳት ልበ ቀና ስለሆነች ነው። ይሁን እንጂ ማን ይቅደም የሚለውን የሚወስነው ሐኪሙ ነው፤ ቤቷ ቁጭ ብላ በራሷ ላይ ልትፈርድ አይገባትም።

ይህን ለምታነቡ ተማሪዎች አንድ ቃል፤ ጡታችሁ ገና በማደግ ላይ ስለሆነ ከ18 ዓመት በፊት ለኦፕራሲዮን አትቸኩሉ፤ ሐኪሞችም በጣም ካልከፋ በቀር አያደርጉትም። ነገር ግን በጥቂት ወራት ውስጥ ያለ ልክ ካደገ፣ ወይም እብጠት በእጅ ከተዳሰሰ፣ ቀን ሳትቆጥሩ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

አሁን ወደ አንቺ ልመለስ፣ እኅቴ። ሂጂና ይህን ሙያ የተማረ ሐኪም አነጋግሪ፤ እናትሽንም ይዘሻቸው ሂጂ፤ የወተቱን ጥያቄ እርሳቸው ራሳቸው ይጠይቁት። አንቺ ደግሞ ስንት እንዲህ ያለ ኦፕራሲዮን እንደሠራ፣ ጫፉን እንዴት እንደሚያደርገው፣ የወጣው ሥጋ በላቦራቶሪ ይመረመር እንደሆነ፣ ማደንዘዣውንና አልጋውን ጨምሮ ጠቅላላ ዋጋው ስንት እንደሆነ ጠይቂ። ጥያቄ ሲበዛበት የሚቆጣ ሐኪም ከሆነ ሌላ ፈልጊ።

በደብዳቤሽ ግርጌ በሌላ ቀለም የጨመርሻትን መስመርም አይቻታለሁ፤ እጮኛሽ ሳያውቅ ሊሆን ይችላል ወይ ትያለሽ። ጠባሳው እንደማይጠፋ ከላይ ጽፌልሻለሁ። ደግሞም ከሆስፒታል ስትወጪ ለጥቂት ቀናት ክንድሽን እንደ ልብሽ ወደ ላይ ማንሣት ስለማትችዪ፣ ፀጉርሽን የሚያበጥርልሽ፣ ቀሚስሽን የሚያጠልቅልሽ ሰው ያስፈልግሻል። እናትሽም ይሁኑ እርሱ፣ ከአሁኑ ይነገራቸው።